ለዓመታት የተኛን ስኖውሞቢል መቀስቀስ፦ ገመዱን ከመሳባችሁ በፊት

አሮጌ ስኖውሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚነዳ ባለ ሞተር ማሽን፣ እጁ የገባ ሰው አመሉ አንድ ነው። ቤንዚን ይጨምራል፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) ይቀይራል፣ የማስነሻ ገመዱን ይስባል። ከተነሳ ይጨፍራል። ካልተነሳ ክንዱ እስኪዝል ይስባል።

እኔም ይኸው ነበርኩ። የመጀመሪያዬ ባለ አንድ ሲሊንደር ነበር፤ ለረጅም ዓመታት መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። በአምስተኛው ስበት ተነሳ። ድምፁም ጥሩ ነው። ሜዳ ላይ አውጥቼ ለቀቅኩት። ትንሽ እንደሄድኩ ድምፁ ቀጠን አለ፤ እኔ ነዳጅ ሳልጨምር ሞተሩ በራሱ መፍጠን ጀመረ። "ጉድ ነው፣ እየተፍታታ ነው" አልኩ። ከዚያ ቀጥ አለ። ገመዱን ብስበው ንቅንቅ የለም። ፒስተኑ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚወጣውና የሚወርደው ብረት፣ ሲሊንደሩን ነክሷል፤ ማለትም ተጣብቆበታል። ጥፋተኛዋን በኋላ አገኘኋት፤ ደርቃ የተሰነጠቀች አንዲት ኦይል ሲል፣ አየር እንዳይገባ የምትዘጋ የጎማ ቀለበት ናት። ሞተሩን ሳላስነሳ ከሰዓት በኋላ ባለች ትርፍ ጊዜ ላገኛት የምችላት ነገር።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሞተሩን ለማስነሳት ገመዱ የሚሳበው ከግማሽ በኋላ ነው። ትዕግስት ያጣ ሰው ዘልሎ እንዳያነብ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው?

ዛሬ የምናውቀው ቀላል ስኖውሞቢል ገበያ የያዘው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ በ1959 (የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ሁሉ በፈረንጆች ነው) ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ባለችው ቫልኩር ከተማ ስኪ-ዱን ሲያወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖላሪስና አርክቲክ ካት ከሚኒሶታ ተነሱ። ያማሃ በ1968 ኤስኤል350 ን ይዞ ገባ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከመቶ በላይ አምራቾች ነበሩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ ከገበያ ወጡ።

ይህ ታሪክ ለጥገና ይጠቅማል። ስሙ የጠፋ ኩባንያ የሠራው ማሽን ቢገጥማችሁ ሻንሲውና ኮፈኑ የራሱ ነው፤ ሞተሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ የተገዛ ነው። ሮታክስ፣ ሳክስ፣ ሂርት፣ ኮለር የሚሉ ስሞችን ታገኛላችሁ። ስለዚህ መለዋወጫ በማሽኑ ስም ካጣችሁ በሞተሩ ስምና ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ ሞተሩ ላይ በተለጠፈ ወይም በታተመ ብረት ላይ አለ። መጀመሪያ እሱን አጽዱና ፎቶ አንሱ። ቀጥላችሁ የዚያን ሞተር የጥገና መጽሐፍ አግኙ። እዚህ የምሰጣቸው ቁጥሮች ለብዙዎቹ የሚሠሩ መነሻዎች ናቸው። የናንተ መጽሐፍ ሌላ ካለ ግን እሱን ስሙ።

ገና ማሽን ልትገዙ ከሆነ ለጀማሪ የምመርጠው ስኪ-ዱ ኤላንን ነው። ከ1971 እስከ 1996 ስለተመረተ ዕቃው አይጠፋም። ሞተሩም ሁለት ክንድ ላለው ሰው የሚሸከመው ነው። ብርቅ የሆነ፣ የሚያምር ማሽን ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት። ብርቅ ማለት ዕቃው የለም ማለት ነው።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የኮምፕረሽን መለኪያ፣ የክፍተት መለኪያ ምላጭ፣ መልቲሜትር፣ ግፊት የሚያሳይ ትንሽ የእጅ ፓምፕ፣ እና ለቮላኖው (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላለው ከባድ መንኮራኩር) እና ለፊተኛው ፑሌጃ (ቺንጋ የሚባለውን የጎማ ቀበቶ ለሚያዞረው) የሚሆን ትክክለኛ መንቀያ። የመጨረሻውን አትሰስቱበት። ቮላኖን በመዶሻ የሚያወልቅ ሰው ክራንክሻፍት፣ ማለትም ያንን ዋና ዘንግ፣ ይገዛል። እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይኑር፤ ቀኑን ሙሉ ከቤንዚን ጋር ነው የምትውሉት።

መጀመሪያ በእጅ፣ በቀስታ

ኮፈኑን ክፈቱ። ከሁሉ በፊት አይጥ ፈልጉ። ቀልዴን አይደለም። አይጥ አሮጌ ስኖውሞቢል ትወዳለች። መቀመጫው ውስጥ ስፖንጅ አለ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ሽፋን ሥር ጨለማ አለ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ሳጥን) ደግሞ የተዘጋጀ ቤት ነው። ሞተሩ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የቆርቆሮ ሽፋኑን ፍቱና በሲሊንደሩ ክንፎች መሀል ያለውን ጎጆ አውጡ። አየር የማያልፍበት ሲሊንደር ሳታውቁት ይቃጠላል። የአይጥ ፋንድያ አቧራ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ጓንትና ጭንብል አድርጉ። እርጥብ አድርጋችሁ ጥረጉ እንጂ በአየር አትንፉ።

አሁን ካንዴላውን አውጡ። በቀዳዳው ጥቂት የሁለት ምት ሞተር ዘይት ጣል አድርጉና ትንሽ ጠብቁ። ገመዱን በፍጥነት ሳይሆን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። የሚዞር ከሆነ ስሙት። ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ የኩሽኔታ ዝገት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሳይፈታ መነሳት የለበትም።

ካልዞረ አትታገሉት። በካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ሙሉበትና ተዉት። ቀን በቀን እያያችሁ ጨምሩ። አንዳንዱ በሁለት ቀን ይለቃል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሲለቅ ግን "አበቃ" አትበሉ፤ የነከሰበት ምክንያት አሁንም ውስጥ አለ።

ማርሚታውን ፈታችሁ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ጎኑ ይታያችኋል። ለስላሳ፣ ጥቂት ቡናማ ቀለም ያለበት ከሆነ ደህና ነው። ከላይ ወደ ታች የተፋቀ ጭረት ካለ፣ በተለይ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ላይ ተለጥፎ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ነክሶ ያውቃል። ያኔ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን ማውለቅ ግድ ነው። ይህን ለማየት ሁለት ወይም አራት ቡሎን ብቻ ነው የምትፈቱት። እኔ አሁን አሮጌ ማሽን ለመግዛት ስሄድ በኪሴ የምይዘው ትንሽ መብራትና አንድ ቁልፍ ነው።

ኮምፕረሽን

ኮምፕረሽን ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት ነው፤ የሚለካውም በፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ አስሩ። የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጨምቃችሁ ያዙ፤ አለዚያ አየር ስለማይገባ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። መርፌው መውጣት እስኪያቆም ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ አጥብቃችሁ ሳቡ። 110 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ከሆነ ለአብዛኛው አሮጌ ሞተር መልካም ነው። 90 አካባቢና ከዚያ በታች ከሆነ ፋሻ ማሰብ ጀምሩ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይበልጣል። በሁለቱ መሀል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ አንደኛው ታሟል።

አንድ ማሳሰቢያ። ቅድም ያፈሰሳችሁት ዘይት ፋሻውን ስለሚያሽግ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ካፈሰሳችሁ ጥቂት ስባችሁ አስወጡትና እንደገና ለኩ።

እኔን ያስከፈለችኝ ፍተሻ

ብዙ ሰው የሚዘላት እዚህ ጋ ያለችው ናት። የሁለት ምት ሞተር ቤንዚንና አየር የሚያልፍበት በታችኛው ክፍል፣ ክራንክሻፍቱ በሚሽከረከርበት ሆዱ ውስጥ ነው። ሆዱ አየር ማስገባት የለበትም። ክራንክሻፍቱ በሁለት በኩል ስለሚወጣ፣ በአንድ ወገን ቮላኖ በሌላው ፑሌጃ ስላለበት፣ በሁለቱም ጫፍ ኦይል ሲል አለ። ይህ የጎማ ቀለበት በዓመታት ይደርቃል። ሲደርቅ አየር ከውጭ ይሳባል። ትርፍ አየር ማለት ለአየሩ የሚበቃ ቤንዚን የለም ማለት ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ዘይቱን ተሸክሞ የሚመጣ ነው። ሙቀት ይጨምራል፣ ቅባት ይቀንሳል፣ ፒስተን ይነክሳል። ያቺ የእኔ ሞተር በራሷ መፍጠኗ መፍታታት አልነበረም፤ ልትሞት ስትል ነበር።

እንዲህ ፈትሹ። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አውልቁና የሚታሰርበትን ቦታ በጎማ ቁራጭና በጠፍጣፋ ብረት ዝጉ። የጭስ መውጫውንም እንዲሁ። ካንዴላውን መልሱ። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱት፤ ያኔ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ይገናኛሉ። ከሞተሩ ሆድ ወደ ነዳጅ ፓምፑ ወይም ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄድ የግፊት ቱቦ አለ። የእጅ ፓምፑን እዚያ አስገቡ። እስከ 6 ፒኤስአይ ንፉ። ከ10 አትለፉ፤ ደህናውን ሲል ገፍታችሁ ታስወጡታላችሁ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻው ፈትሹ።

አሁን መርፌውን እዩ። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ካልወረደ እሰየው። ከወረደ የልብስ ሳሙና በውኃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ቀቡ። በሲሊንደሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን፣ የካርቡሬተሩን ጎማ መገጣጠሚያ፣ የሆዱን መጋጠሚያ መስመር፣ ከዚያ ከፑሌጃው ጀርባና ከቮላኖው ጀርባ። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ አረፋው ወዲያው ይፈነዳል። ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ በክራንክሻፍቱ ዙሪያ እንደ ቡና አረፋ ያለ ነጭ ነገር ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። ያቺ ትንሽ አረፋ ናት ሞተር የምትገድለው።

ሲሉን ለመቀየር በአንድ በኩል ቮላኖውንና የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያዎቹ የተቀመጡበትን ሳህን፣ በሌላው በኩል ፑሌጃውን ታወልቃላችሁ። አንዳንድ ሞተር ላይ ሲሉ ከውጭ በካቻቢቴ ተፈንቅሎ ይወጣል። አንዳንዱ ላይ ግን በሆዱ ቦይ ውስጥ ስለተቀመጠ ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ አይወጣም። የትኛው እንደሆነ ከመጽሐፉ ሳታረጋግጡ አትፈንቅሉ። ማሽኑ ከአርባ ዓመት በላይ ከሆነና ሲሎቹ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ፣ ፍተሻውን ቢያልፉም እኔ እቀይራቸዋለሁ። ርካሽ ናቸው። ፒስተን ርካሽ አይደለም።

እሳት

ካንዴላውን አውጥታችሁ ክሩ ያለበትን ብረት ከሞተሩ ጋር አስነኩና ገመዱን ሳቡ። የቤንዚን ጭስ ከሌለበት ቦታ ይሁን። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ ይፈለጋል። ቢጫና ቀጫጫ ከሆነ ወይም ከሌለ ቶሎ ኮይል ለመግዛት አትሩጡ። የነዚህ ማሽኖች ማጥፊያ የሚሠራው ኤሌክትሪኩን ወደ ብረቱ በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ማጥፊያው ከዛገ ወይም ሽቦው ተልጦ ሻንሲውን ከነካ እሳት አይኖርም። ከሞተሩ የሚወጣውን የማጥፊያ ሽቦ ነቅላችሁ እንደገና ሞክሩ። እሳት ከመጣ ችግሩ መሪው አካባቢ ነው። ከማስነሳታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ሰኩት፤ አለዚያ የምታጠፉበት መንገድ የላችሁም።

አሁንም እሳት ከሌለ ቮላኖው ሥር ያለችው ፑንታ ናት። ፑንታ በእያንዳንዱ ዙር እየተከፈተችና እየተዘጋች እሳቱን የምታዝ ትንሽ መቆራረጫ ናት። ዓመታት ሲያልፉ ፊቷ ላይ የማይታይ ሽፋን ይይዛል። ንጹሕ ካርቶን በአልኮል ነክራችሁ በሁለቱ ፊቶች መሀል ጎትቱ። ጥቁር ይዞ ይወጣል። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሙት። ጉድጓድ ካበጀች ቀይሯት፤ ኮንደንሰሩንም አብራችሁ።

ክፍተቷ በብዙዎቹ ላይ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መጀመሪያ የፑንታውን ክፍተት፣ ከዚያ የእሳቱን ሰዓት አስተካክሉ። ክፍተቱ ሲለወጥ ሰዓቱ ስለሚለወጥ ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡ ሁለቴ ትሠራላችሁ። ሰዓቱ የሚለካው ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ለመድረስ ስንት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ፑንታዋ እንደምትከፈት ነው። በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ የሰዓት መለኪያና መልቲሜትር ይበቃሉ። ቁጥሩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ከመጽሐፍ ውሰዱ።

ነዳጅ

ታንኩ ውስጥ ያለውን ምንም ተስፋ አታድርጉበት። አውጡት፣ ለአደገኛ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ስጡት። ታንኩን እጠቡ። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ፣ ታንኩ ውስጥ ገብታ ከታች የምትተኛዋን ጭምር። ፊልትሮ ቀይሩ። የድሮ ቱቦና ዲያፍራም (በካርቡሬተር ውስጥ ያለ ስስ ሽፋን) ኢታኖል፣ ማለትም አልኮል፣ ያለበትን ቤንዚን አይወድም። ኢታኖል የሌለበት ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ካርቡሬተሩ ከሁለት ዓይነት አንዱ ይሆናል። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ብዙ ማሽኖች ቲሎትሰን አላቸው። ተንሳፋፊ የለውም፤ ቤንዚኑን የሚቆጣጠሩት ቀጫጭን ዲያፍራሞች ናቸው። ነዳጅ ፓምፑም እዚያው አብሮ የተሠራ ነው። ቆየት ብለው የመጡት ሚኩኒ አላቸው። ቤንዚን የሚጠራቀምበት ኩባያና ተንሳፋፊ አለው።

ቲሎትሰን ሲፈታ ካሜራችሁ ክፍት ይሁን። ሽፋኑ፣ ጓርኒሲዮኑና ዲያፍራሙ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደወጡ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ምንም ብታጸዱት አይሠራም። አሮጌው ዲያፍራም በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ኮሽ ይላል። አዲሱ ጨርቅ ይመስላል። የጥገና ኪቱን ግዙና ሁሉንም ቀይሩ። መርፌዋን የምትገፋዋ ትንሽ ክንድ ቁመቷ ወሳኝ ነው። ከፍ ካለች ሞተሩ በቤንዚን ይሰምጣል፣ ዝቅ ካለች ይራባል። ቀዳዳዎቹን በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ብቻ አጽዱ። ሽቦ አታስገቡ፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ሁለቱን የነዳጅ ማስተካከያ ብሎኖች እስኪቆሙ በጣት ብቻ አጥብቁ፣ ከዚያ መልሱ። የሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ለሚሠራበት ጊዜ ያለውን) አንድ ዙር ያህል፣ የከፍተኛ ፍጥነቱን አንድ ዙር ከሩብ ያህል። ይህ ለማስነሻ ብቻ ነው። መጨረሻው የሚወሰነው ስትነዱት ነው።

ሚኩኒ ላይ ራስ ምታቱ ጥቃቅኗ የሚኒሞ ጀት (ቤንዚን የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ብሎን) ናት። ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱ። ክብ ብርሃን ካልታየ ተዘግታለች። "አየር ያልፍባታል" አይበቃም።

ዘይትና ቤንዚን መቀላቀል

ብዙ ክርክር ያለበት ቦታ ነው። አሮጌው መጽሐፍ ወይም ታንኩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 20 ለ 1 ይል ይሆናል። ያኔ ዘይቱ ሌላ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ጥሩ የስኖውሞቢል ዘይት በ40 ለ 1 ይነዳል። በሊትር ሲሰላ 20 ለ 1 ማለት 50 ሚሊ ሊትር፣ 40 ለ 1 ማለት 25፣ 50 ለ 1 ማለት 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። እኔ አዲስ ለጠገንኩት ሞተር የመጀመሪያውን ታንክ ዘይቱን በዛ አድርጌ እቀላቅላለሁ።

ግን አንድ ነገር ይታወቅ። ዘይት ሲበዛ በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ስለዚህ የዘይቱን መጠን በለወጣችሁ ቁጥር ካርቡሬተሩንም እንደገና አዳምጡት። "ዘይት ጨምሬበት እንዴት ነከሰ?" የሚል ሰው ብዙ ነው።

ሲቀላቀል ታንኩ ውስጥ አይደለም፣ በጄሪካን ነው። ዘይቱ ከቤት የወጣ፣ ያልበረደ ይሁን። በብርድ የወፈረ ዘይት ከታች ይተኛና ሞተሩ ንጹሕ ቤንዚን ይጠጣል። ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ናጡ፣ ቀሪውን ጨምሩ፣ እንደገና ናጡ።

አሁን ሳቡ

ከቤት ውጭ አውጡት፤ የሞተር ጭስ በተዘጋ ቦታ ይገድላል። የኋላውን አንሱና በማይንሸራተት ጠንካራ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ። ትራኩ፣ ማለትም ሰፊው የጎማ ሰንሰለት፣ ከመሬት ይነሳ። ከኋላ ማንም አይቁም። ትራኩ ጠጠር ወይም የተላቀቀ ብረት ቢወረውር ጥይት ነው። የነዳጅ መስጫውን ጨምቃችሁ ልቀቁት፤ "ጠቅ" ብሎ ካልተመለሰ ማስነሳት የለም። ቺንጋው በቦታው ይኑር፣ መከላከያው ይታሰር። ያለ ቺንጋ የተነሳ ሞተር ጭነት ስለሌለበት ፍጥነቱ ይፈነጠራል፣ ፑሌጃውም ሊበተን ይችላል።

ቾኩን (ለማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛውን) አድርጉና ሳቡ። ሲነሳ ተዉት ይሙቅ። ከዚያ ነዳጅ ሰጥታችሁ ልቀቁ። ወዲያው ወደ ሚኒሞ ከወረደ ጥሩ። ከላይ ተንጠልጥሎ ከቆየና ቀስ ብሎ ከወረደ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ። አጥፉትና ወደ ሳሙናው ተመለሱ።

የከፍተኛ ፍጥነቱን ብሎን ስታስተካክሉ ከወፍራሙ ወገን፣ ማለትም ቤንዚን ከሚበዛበት፣ ጀምሩ። ቤንዚን ሲበዛበት ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይንተባተባል። በሩብ ዙር ሩብ ዙር እያጠበባችሁ ጥርት ሲል አቁሙ። ከዚያ ትንሽ ወደ ወፍራሙ መልሱት። ተጨማሪ ጉልበት ፍለጋ አትቀጥሉ። በጣም ያማረ ድምፅ የመንከስ ጎረቤት ነው። ከጥቂት ደቂቃ ጉዞ በኋላ ካንዴላውን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ቡናማ ይሁን። ነጭ ከሆነ አቁሙ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወፍሯል፤ ካንዴላ ያበላሻል እንጂ ሞተር አይገድልም።

የአየሩንም ነገር አትርሱ። አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚጠብብ ብዙ ኦክስጅን ይገባል፣ ቤንዚን ደግሞ ተጨማሪ ይፈለጋል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያማረ ማስተካከያ በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀጭን ይሆናል። ብርዱ በጠነከረ ቀን ብሎኑን ትንሽ ከፈት አድርጉ፤ ሚኩኒ ከሆነ ትልቁን ጀት በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ።

ከሞተሩ በታች ያለው

ቺንጋውን ለኩ። ከአዲሱ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከጠበበ፣ ከተሰነጠቀ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከተበላ ይቀየር። የፑሌጃውን ፊት ዘይት ወይም ግራሶ እንዳይነካው። በሻካራ ማጠቢያ ጨርቅና በአልኮል ይጸዳል። የፊተኛውን ፑሌጃ መፍታት ግን ሌላ ሥራ ነው። ውስጡ የታመቀ ሞላ አለ፤ ሽፋኑ ሲለቅ ፊት ይመታል። ያለ ትክክለኛው መሣሪያ አትሞክሩት።

የሰንሰለት ሳጥኑን ዘይት አፍስሱ። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት በቡና ይመስላል። የብረት ብናኝ ካለ ኩሽኔታዎቹን ፈትሹ።

ትራኩን በሁለት እጅ ያዙና የተቀደደ፣ ዘንጉ የወጣ ካለ ፈልጉ። የትናንሽ ጎማዎቹን ኩሽኔታ አንድ በአንድ አዙሩ፤ የሚንጫጫውን ቀይሩ። ሻንሲው ሥር ፕላስቲክ የተገጠመለት ሐዲድ ካለው፣ ያ ፕላስቲክ የሚቀባው በበረዶ መሆኑን እወቁ። ደረቅ አስፋልት ላይ ብትነዱት ይቀልጣል። የትራኩን አቅጣጫ ስታስተካክሉ ሕጉ አንድ ነው፤ ትራክ ወደ ላላው ወገን ይሸሻል። ወደ ቀኝ ካዘነበለ የቀኙን ብሎን በሩብ ዙር አጥብቁና ሞተሩን አስነስታችሁ በቀስታ አዙሩት። ከዚያ እዩት። እጅ ወደ ትራኩ የሚጠጋው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

ስኪዎቹ ሥር ያለው ብረት ካለቀ መሪው አይታዘዝም። የመሪውን መጋጠሚያዎች አወዛውዙ፤ የላላ ካለ ቀይሩ። ፍሬኑ የድሮ ከሆነ ሸራው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉ። እርጥብ ጨርቅ ተጠቀሙ።

ክረምቱ ሲያልፍ

ከላይ ካለው ሥራ ግማሹ የመጣው በመጥፎ አቀማመጥ ነው። ታንኩን ባዶ አድርጉ። ካርቡሬተሩ ጨርሶ እስኪደርቅ በሚኒሞ አሠሩት። ከመጥፋቱ በፊት በካርቡሬተሩ አፍ የማከማቻ ዘይት ርጩበት። ነጭ ጭስ በጭስ ይሆናል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ከዚያ ካንዴላውን አውጥታችሁ በቀዳዳውም ጨምሩ፣ ገመዱን በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ። ቺንጋውን አውልቁና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የኋላውን ከመሬት አንሱ። ላዩ በጨርቅ ይሸፈን እንጂ በላስቲክ አይሁን፤ ላስቲክ ርጥበት ይይዛል።

አይጧን አልረሳኋትም። የማርሚታውን ጫፍና የአየር መግቢያውን በብረት ሱፍ ወትፉ። ከዚያ ወረቀት ላይ "ማርሚታና አየር መግቢያው ተወትፏል" ብላችሁ ጻፉና የማስነሻ ገመዱ እጀታ ላይ እሰሩት። እኔ አንድ ዓመት ሳላስር ቀርቼ፣ በቀጣዩ ክረምት ገመዱን ስስብ ካርቡሬተር ፈታሁ፣ ፑንታ አጸዳሁ፣ ሁለት ካንዴላ ቀየርኩ። ሱፉ ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን ነው።